ኬላ፣ ውልና ድልድይ፤ የኢጣልያ ባለክፍያ አውራ ጎዳናዎች ታሪክ

መግቢያ

በአገራችን የንግድ ታሪክ ውስጥ «ኬላ» የሚለው ቃል ጥንታዊ ነው። ሲራራ ነጋዴው ጨውን፣ ቡናን ወይም ዝባድን ጭኖ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር በየኬላው ይቆም ነበር፤ የተጠየቀውንም ከፍሎ ያልፍ ነበር። ይሁን እንጂ የከፈለው ለማለፍ ብቻ እንጂ ለመንገዱ ሥራ አልነበረም። ወንዙ ሲሞላ ኬላ ጠባቂው ድልድይ አይሠራለትም፤ ገደሉ ሲናድም አይጠግንለትም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የሚወርድ ሰው በመውጫው በር ላይ ሲከፍል የሚፈጽመው ተግባር በመልኩ የጥንቱን ነጋዴ ቢመስልም በመሠረቱ የተለየ ነው፤ ቢያንስ የተለየ መሆን ይገባዋል። የሚከፍለው ገንዘብ መንገዱ ለተሠራበት ዕዳና መንገዱ ነገም እንደ ዛሬ ጸንቶ እንዲቆይ ለሚደረግለት ጥበቃ ነው።

በጥንቱ ኬላና በዘመናዊው ባለክፍያ መንገድ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው የአስፋልቱ ጥራት ወይም የበሩ አሠራር አይደለም፤ ከበስተጀርባ ያለው ውል ነው። ውሉ ከፋዩ በገንዘቡ ልዋጭ ምን እንደሚያገኝ፣ ገንዘቡን የሚሰበስበው ኩባንያ ምን እንደሚገደድ፣ ይህንንም ማን ሄዶ እንደሚያረጋግጥ ይወስናል። ይህን ጉዳይ ለመመርመር የኢጣልያን ያህል ጥሩ ምሳሌ የሆነ አገር አይገኝም፤ ለሞተር ተሽከርካሪ ብቻ ከተከለሉት የዓለም ባለክፍያ አውራ ጎዳናዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የተሠራው እዚያ ነውና። ውል የዘነጋው የድልድይ አካል ምን ሊያስከትል እንደሚችል በግልጽ የታየውም እዚያው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የኮንሴሲዮን ባሕርይ

ኮንሴሲዮን ማለት መንግሥት በሥልጣኑ ሥር ያለውን ሥራ ወይም ሀብት ለተወሰነ ዘመን ለአንድ ኩባንያ በውል መስጠት ነው። ኩባንያው በራሱ ወይም በተበደረው ገንዘብ ሥራውን ይሠራል፤ ከተጠቃሚው ሕዝብ ክፍያ ይሰበስባል፤ ዘመኑ ሲፈጸም ንብረቱን ለመንግሥት ያስረክባል።

ይህ ዓይነቱ ውል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በማርች 9 ቀን 1894 ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር የሚሠራበትን የ99 ዓመት ኮንሴሲዮን ሰጥተው ነበር። የተቋቋመው ኩባንያ ሐዲዱን ድሬዳዋ ድረስ ካመጣ በኋላ በገንዘብ ችግር ወደቀ። በ1908 ሌላ ኩባንያ በአዲስ ውል ተተክቶ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከዚህ የምንረዳው በኮንሴሲዮን ውል ውስጥ የሚጻፈው የገቢ ግምት ከሁሉ አስቀድሞ ተስፋ መሆኑን ነው። ተስፋው ካልደረሰ ዕዳው ተመልሶ የመንግሥት ይሆናል። ተስፋው ከመጠን በላይ ሲደርስ ትርፉ ለማን እንደሚሆን ደግሞ ውሉ አስቀድሞ ካልወሰነው ኋላ ለመወሰን አስቸጋሪ ነው። ኢጣልያ ሁለቱንም በየተራ አይታለች።

ፑሪቼሊና የመጀመሪያው አውቶስትራዳ

ፒዬሮ ፑሪቼሊ የሚላኖ መሐንዲስና የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነበር። በ1922 ያቀረበው ሐሳብ በዘመኑ ለነበሩት ሰዎች እንደ ቅዠት የሚቆጠር ነበር። ከሚላኖ ተነሥቶ በስተሰሜን ወዳሉት ሐይቆች የሚያደርስ፣ ጋሪም ሆነ ብስክሌት፣ እግረኛም ሆነ ከብት የማይገባበት፣ ለሞተር ተሽከርካሪ ብቻ የተወሰነ መንገድ እንሥራ የሚል ነው። በዚያን ጊዜ በመላው ኢጣልያ የነበሩት አውቶሞቢሎችና የጭነት መኪናዎች ተደምረው መቶ ሺህ አይሞሉም ነበር።

ሥራው በማርች 1923 ተጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል፣ ከሚላኖ እስከ ቫሬዜ፣ በሴፕቴምበር 21 ቀን 1924 በንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊ ተመረቀ። ወደ ኮሞና ወደ ሴስቶ ካሌንዴ የሚያደርሱት ቅርንጫፎች በተከታዩ ዓመት ሲያልቁ ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ዛሬ «ፈጣን መንገድ» ስንል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው በመካከል ተከፍሎ በየአቅጣጫው ብዙ መስመር ያለው መንገድ ነው። የፑሪቼሊ መንገድ ግን እንዲህ አልነበረም፤ በኮንክሪት የተነጠፈ አንድ ወለል ሲሆን መኪናዎች በሁለቱም አቅጣጫ ይተላለፉበት ነበር። አዲስ ያደረገው ስፋቱ አይደለም፤ ከሌላው ተላላፊ መለየቱና በክፍያ መተዳደሩ ነው።

ኩባንያው መንገዱን ለ50 ዓመት ይዞ እንዲያስተዳድር ውል ተሰጠው። ምሳሌውን በመከተል ሌሎች ኩባንያዎችም ተቋቋሙ። ከሚላኖ ቤርጋሞ በ1927፣ ከናፖሊ ፖምፔይ በ1929፣ ከቶሪኖ ሚላኖ በ1932፣ ከፓዶቫ ቬኔዚያ በ1933 ተከፈቱ። ነገር ግን መኪናው በመንገዱ ልክ አልበዛም፤ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስም በዚያው ላይ ተጨመረ። የክፍያው ገቢ ዕዳውን ሊሸከም ስላልቻለ የመጀመሪያው አውቶስትራዳ በ1933፣ ሃምሳው ዓመት ይቅርና ዐሥሩ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ወደ መንግሥት ተመለሰ። ፑሪቼሊ በቴክኒክ ረገድ ትክክል ነበር፤ በገቢ ግምት ረገድ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ መጣ።

የመንግሥቱ መሥሪያ ቤትና የእኛ መንገዶች

መንገዱን የተረከበው በ1928 የተቋቋመው የኢጣልያ መንግሥት የመንገዶች መሥሪያ ቤት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት በእኛም ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1936 አገራችንን በወረረችበት ጊዜ የመንገድ ሥራው አመራር ለእርሱ ተሰጥቶ ነበርና። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ አስመራ የሚወስደው መንገድ፣ የጣርማ በር ዋሻም ጭምር፣ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። የመንገዶቹ ዓላማ ጦርንና አገዛዝን ማድረስ እንደ ነበረ አይዘነጋም።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከነጻነት በኋላ የሆነው ነገር ነው። ከ1941 በኋላ በነበሩት ዓመታት እነዚያ መንገዶች የሚጠግናቸው በቂ ድርጅትና ገንዘብ ስላልነበረ በየዝናቡ እየተሸረሸሩ ሄዱ። መንግሥት በ1950 ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ የተበደረውና በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትን ያቋቋመው ያን ጥፋት ለማቆም ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ መሐንዲስ መንገድን መሥራትና መንገድን ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ አገሩ ታሪክ ተምሯል ማለት ይቻላል።

የፀሐይ አውራ ጎዳና

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢጣልያ ሁኔታው ፈጽሞ ተለወጠ። የመንግሥቱ የኢንዱስትሪ ማቋቋሚያ ድርጅት፣ በምኅጻረ ቃል «ኢሪ» የሚባለው፣ በ1950 አውቶስትራዴ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በ1955 የወጣው ሕግ ለአዲሶቹ አውራ ጎዳናዎች መንገዱን ከፈተ፤ በ1956 ኩባንያው ከሚላኖ እስከ ናፖሊ የሚደርሰውን ታላቅ መስመር ለመሥራትና ለማስተዳደር ውል ተቀበለ። መስመሩ «የፀሐይ አውራ ጎዳና» ተብሎ ተሰየመ።

የዚህ ውል አቀራረብ ልብ ሊባል ይገባል። ውል ሰጪው የመንግሥት የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ውል ተቀባዩ በቅርጹ የአክሲዮን ኩባንያ ይሁን እንጂ ባለቤቱ መንግሥት ነው። ከወጪው የተወሰነውን ድርሻ መንግሥት ይሰጣል፤ የቀረውን ኩባንያው በቦንድ ሽያጭ ይበደራል፤ ዕዳውንም ከመንገድ ክፍያ ይመልሳል። በዚህ ዘዴ የግምጃ ቤቱ ገንዘብ ሳይጠበቅ ሥራው በፍጥነት ሊካሄድ ቻለ።

የመጀመሪያው ድንጋይ የተጣለው በሜይ 19 ቀን 1956 ነው። በቦሎኛና በፊሬንዜ መካከል ያለው እጅግ አስቸጋሪው የአፔኒን ተራሮች ክፍል በዲሴምበር 1960 ተከፈተ። በዚያ ክፍል መንገዱ ከዋሻ ወደ ድልድይ፣ ከድልድይ ወደ ዋሻ እየተሸጋገረ ያልፋል። ጠቅላላው መስመር፣ 755 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በኦክቶበር 4 ቀን 1964 ተፈጸመ። ከስምንት ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ መሆኑ ነው። በሥራው ላይ ለሞቱት ሠራተኞች መታሰቢያ አርክቴክቱ ጆቫኒ ሚኬሉቺ በፊሬንዜ አጠገብ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ያነጸው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይታያል።

ፑሪቼሊ በ1924 ያጣው መኪና በዚህ ጊዜ መጣ። የአነስተኛ አውቶሞቢል ዋጋ ከሠራተኛው ደመወዝ ጋር እየተቀራረበ በመሄዱ በስድሳዎቹ ዓመታት የኢጣልያ ቤተሰብ በየክረምቱ በራሱ መኪና ወደ ባሕር የሚወርድ ሆነ። የመንገድ ክፍያው ገቢም ከተጠበቀው በላይ አደገ። የአውራ ጎዳናው መስፋፋት በመጨረሻ ከመጠን አልፏል ስለ ተባለ በ1975 የወጣ ሕግ አዳዲስ አውራ ጎዳናዎችን መሥራት አገደ። ከዚያ ወዲህ የኩባንያው ዋና ሥራ ግንባታ መሆኑ ቀርቶ ማስተዳደርና መጠበቅ ሆነ። በ1990 ገደማ መኪናው ሳይቆም በሬዲዮ ምልክት ሒሳብ የሚከፈልበት ቴሌፓስ የተባለው ዘዴ ሥራ ላይ መዋሉም የዚህ አዲስ ዘመን ፍሬ ነው።

ከመንግሥት እጅ ወደ ግል እጅ

በዘጠናዎቹ ዓመታት የኢጣልያ መንግሥት ዕዳ በርትቶ ነበር። የአውሮጳን የጋራ ገንዘብ ለመቀበል ዕዳውን መቀነስ ስላስፈለገ የኢሪ ድርጅቶች ተራ በተራ ተሸጡ፤ በ1999 የአውቶስትራዴ ተራ ደረሰ። የቤኔቶን ቤተሰብ የሚመራው ቡድን 30 በመቶ የሚሆነውን አክሲዮን በ2.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ገዝቶ የኩባንያውን አመራር ያዘ፤ የቀረው አክሲዮን በገበያ ተሸጠ። ከሽያጩ አስቀድሞ፣ በ1997፣ በ2018 ሊያበቃ የነበረው ኮንሴሲዮን እስከ 2038 ተራዝሞ ነበር። ገዢው የገዛው የመንገዱን ድንጋይና ብረት አይደለም፤ እነርሱ የመንግሥት ናቸው። የገዛው አርባ ዓመት ያህል ክፍያ የመሰብሰብ መብትን ነው። ኩባንያው በሥሩ ያደረገው መስመር ከ2,800 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

የአገልግሎት ዋጋ እንዴት ይወሰን ለሚለው ጥያቄ የ1997ቱ ውል ቀመር አስቀምጦለታል። ክፍያው በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ያድጋል፤ ከኩባንያው የሥራ ቅልጥፍና የሚጠበቀው ድርሻ ይቀነስለታል፤ የአገልግሎቱ ጥራት ከተሻሻለ ጥቂት ይጨመርለታል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መሐንዲስ ይህን ሲያነብ ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ጥራቱ በምን ይለካል?

የሚለካው በሁለት ነገሮች ነበር፤ በመንገዱ ንጣፍ ሁኔታና በትራፊክ አደጋ ብዛት። ሁለቱም ጠቃሚዎች ናቸው፤ ሁለቱም በቁጥር የሚገለጹ ናቸው። ውጤታቸውም ታየ። ውሃ የሚያሳልፍ አስፋልት በሰፊው ተነጠፈ፤ በዝናብ ጊዜ ከፊተኛው መኪና ጎማ የሚነሣው ጭጋግ ቀነሰ፤ በአውራ ጎዳናው ላይ የሚሞተው ሰው ቁጥርም በብዙ ወረደ። ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ከንጣፉ በታች ያለው፣ ድልድዩን የሚሸከመው ብረት፣ በቀመሩ ውስጥ ፊደል አልነበረውም። የዛገ ገመድ የመኪናውን ጉዞ አያናውጥም፤ የአደጋውንም መዝገብ አይነካም፤ እስከሚበጠስበት ቀን ድረስ።

ቁጥጥሩም እንዲሁ ደካማ ጎን ነበረው። የድልድዮቹን ምርመራ ያካሂድ የነበረው ድርጅት የዚያው የኩባንያ ቡድን አባል ነበር። ውል ሰጪነቱ ደግሞ በ2012 ከመንገድ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሚኒስቴሩ ተዛወረ። በ2007 የተፈረመውና በ2008 በሕግ የጸደቀው አዲስ ውል የዋጋ ጭማሪውን በከፊል ከዋጋ ንረቱ 70 በመቶ ጋር አያያዘው። መንግሥት ውሉን ቢያፈርስ ለኩባንያው ታላቅ ካሳ እንዲከፍልም አደረገ። የገንዘብ ዕቅዱን የያዙት የውሉ አባሪዎች ለሕዝብ አይገለጡም ነበር። ከፋዩ ሕዝብ ምን እንደ ተዋዋሉለት ሳያውቅ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

የፖልቼቬራ ድልድይ

በጄኖቫ ከተማ፣ በፖልቼቬራ ሸለቆ ላይ የተዘረጋው ድልድይ የሪካርዶ ሞራንዲ ሥራ ነበር። ሞራንዲ በቬኔዙዌላ የማራካይቦን ሐይቅ ድልድይ የነደፈ፣ በዘመኑ ከታወቁት የኮንክሪት መሐንዲሶች አንዱ ነው። የጄኖቫው ድልድይ ግንባታ በ1963 ተጀምሮ በሴፕቴምበር 4 ቀን 1967 ተመረቀ። ርዝመቱ 1,182 ሜትር፣ የሦስቱ ታላላቅ ምሶሶዎች ከፍታ 90 ሜትር፣ ወለሉ ከሸለቆው 45 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነበር። ከሥሩ የባቡር ሐዲድ፣ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት አለ።

የድልድዩ ልዩ ጠባይ በማንጠልጠያዎቹ ነው። በአሁኑ ዘመን በገመድ የሚንጠለጠል ድልድይ በብዙ ቀጫጭን የብረት ገመዶች ይያዛል፤ አንዱ ቢጎዳ ሌሎቹ ሸክሙን ይካፈላሉ፤ የተጎዳውም ይለወጣል። የሞራንዲ ድልድይ ግን በየምሶሶው አራት ማንጠልጠያዎች ብቻ ነበሩት። የማንጠልጠያዎቹ የብረት ገመዶች ተወጥረው በኮንክሪት ተሸፍነው ነበር። ኮንክሪቱ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል ተብሎ ታመነ። ነገር ግን የሚጠብቅ ሽፋን የሚሰውርም ሽፋን ነው። ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ የባሕር አየርና የፋብሪካ ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ብረቱ ሲበላ ግን በውጭ ያለው ሰው አያየውም። ከአራቱ አንዱ ቢበጠስ ደግሞ የተቀሩት ሸክሙን የሚችሉበት አቅም አልነበራቸውም።

ይህን አስቀድሞ የተረዳው ራሱ ሞራንዲ ነበር። በ1979፣ ድልድዩ በተመረቀ በ12 ዓመቱ፣ የባሕር አየሩና የፋብሪካው ጭስ ኮንክሪቱን ከተጠበቀው በላይ እየጎዱት መሆኑንና ያልተቋረጠ ጥበቃ እንደሚያስፈልግ ጽፎ አሳወቀ። አንድ መሐንዲስ ስለ ገዛ ሥራው ድክመት በአደባባይ መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ኩባንያው ገና በመንግሥት እጅ ሳለ የምሶሶ ቁጥር 11 ማንጠልጠያዎች በአዲስ የብረት ገመድ ተጠናከሩ፤ በቁጥር 10 ላይ ከፊል ሥራ ተሠራ። ቁጥር 9 ግን እንዳለ ቀረ። በዚያ ላይ የማጠናከሪያ ዕቅድ የጸደቀው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2018 ነው።

በኦገስት 14 ቀን 2018፣ ከረፋዱ 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ በከባድ ዝናብ ወቅት ምሶሶ ቁጥር 9 ከተሸከመው 200 ሜትር ከሚበልጥ ወለል ጋር ወደቀ። ቀኑ የታላቁ የበጋ በዓል ዋዜማ ስለ ነበር ቤተሰቦች ወደ ዕረፍት ሲጓዙ፣ የጭነት ሾፌሮች በሥራ ላይ ሳሉ አደጋው አገኛቸው። 43 ሰዎች ሞቱ። በድልድዩ ሥር ይኖሩ የነበሩ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የማጠናከሪያው ሥራ ሊጀመር የቀረው ጥቂት ወራት ብቻ ነበር።

ፍርድ ቤቱ የሾማቸው ባለሙያዎች በ2020 መጨረሻ ባቀረቡት ሪፖርት ለመውደቁ መነሻ የሆነው በምሶሶ ቁጥር 9 በአንደኛው ማንጠልጠያ የላይኛው ጫፍ ውስጥ ያሉት ገመዶች ዝገት መሆኑን ገለጡ። ክሱ በጁላይ 2022 በጄኖቫ መታየት ጀመረ። የግለሰቦችን ጥፋተኝነት መወሰን የዳኞች ሥራ ስለሆነ ይህ ጸሐፊ ወደዚያ አይገባም። የመሐንዲሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ማስጠንቀቂያው በ1979 ተጽፎ ሳለ ለምን ወደ ሥራ ሳይለወጥ ቀረ?

ከውድቀቱ በኋላ

አደጋው በደረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚኒስቴሩ የኮንሴሲዮን ውሉን ከነአባሪዎቹ ለሕዝብ አወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የአውራ ጎዳናዎችንና የባቡር ሐዲዶችን ደኅንነት የሚቆጣጠር የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ የትራንስፖርት ዋጋ ተቆጣጣሪውም ሥልጣኑ ለአዲስ ውሎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለነባሮቹ ጭምር ሆነ። በ2020 ለነባር ድልድዮች ምርመራና የአደጋ ደረጃ አመዳደብ ብሔራዊ መመሪያ ወጣ። የቀሩት ምሶሶዎች በጁን 28 ቀን 2019 በፈንጂ ፈረሱ፤ አርክቴክቱ ሬንዞ ፒያኖ የነደፈው አዲስ ድልድይ በኦገስት 3 ቀን 2020 ተመረቀ።

የባለቤትነቱም ጉዳይ ተገለበጠ። መንግሥት ውሉን አፈርሳለሁ ሲል ካሳው ታላቅ ሆኖ ተገኘ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ የተመረጠው መንገድ ግዢ ሆነ። በሜይ 2022 የመንግሥት የቁጠባና የብድር ድርጅት ከሁለት የውጭ ባለገንዘቦች ጋር ሆኖ 88 በመቶ የሚሆነውን አክሲዮን በ8.2 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ገዛ። በ1999 የተሸጠው በ2022 ተመልሶ ተገዛ። በ1933 የመጀመሪያው አውቶስትራዳ ወደ መንግሥት የተመለሰው መንገደኛ ስላጣ ነው፤ በ2022 የተመለሰው ደግሞ መንገደኛ ሞልቶት ሳለ እምነት ስላጣ ነው።

ከዚህ ታሪክ የግል ባለቤትነት ክፉ፣ የመንግሥት ባለቤትነት በጎ ነው የሚል መደምደሚያ ማውጣት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይሆንም። የሞራንዲ ማስጠንቀቂያ በተጻፈበት ጊዜ ባለቤቱ መንግሥት ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሃያ ዓመት ያህል ቆይቷል። ምሶሶ ቁጥር 11 የተጠናከረው በመንግሥት ዘመን ነው፤ ምሶሶ ቁጥር 9 ሳይጠናከር የታለፈውም በዚያው ዘመን ነው። በሁለቱም ባለቤቶች ዘመን የጎደለው አንድ ነገር ነው። በውጭ የማይታየውን አካል ለክቶ በቁጥር የሚያስቀምጥ፣ ቁጥሩም ከገንዘብ ጋር የተያያዘ፣ ከሠሪውና ከአስተዳዳሪው ነጻ በሆነ ባለሙያ የሚረጋገጥ ግዴታ አልነበረም። ውል የሚለካውን ይጠብቃል፤ የማይለካውን ለዕድል ይተዋል።

የእኛ ድርሻ

የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2014 ሲከፈት አገራችንም ወደ ባለክፍያ መንገዶች ዘመን ገባች። ከዚያ ወዲህ የድሬዳዋ–ደወሌ መንገድና የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ክፍሎች ተከትለዋል። እነዚህ መንገዶች ለአገልግሎት የበቁት በግል ኮንሴሲዮን አይደለም፤ ክፍያውን እንዲሰበስብ የተቋቋመው የመንግሥት ድርጅት ነው። ሆኖም የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2010 ዓ.ም. የወጣው፣ ለኮንሴሲዮን ውሎች በሩን ከፍቷል። ስለዚህ ውሎቹ ከመፈረማቸው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ከሕግ አዋቂውና ከገንዘብ አዋቂው ይልቅ ለእኛ ለመሐንዲሶቹ የቀረበ ነው።

ይህ ጸሐፊ በሥራው አጋጣሚ ድልድይ በሚመረምር ቡድን ውስጥ ተሳትፎ ያውቃል። በእጁ የተሰጠው ቅጽ ለንጣፉ፣ ለአጥሩ፣ ለምልክቱና ለውሃ መውረጃው ዓምድ ነበረው። በኮንክሪቱ ውስጥ ስላለው ብረት የሚጠይቅ ዓምድ ግን አልነበረውም። በአንድ ምሶሶ ራስ ላይ የዝገት ቀለም ያለበት ስንጥቅ ተመለከትን፤ «ሌላ አስተያየት» በሚለው ጠባብ ስፍራ ጽፈን ፈረምን። በተከታዩ ዓመት የተላከልን ቅጽ ያው ነበር፤ ስንጥቁም በስፍራው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የጄኖቫን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር በቅድሚያ የሚታየኝ የወደቀው ወለል አይደለም፤ ያ ጠባብ ስፍራ ነው።

ስለዚህ አራት ነገሮች በማኅበራችን ዘንድ ሊመከርባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ማናቸውም የባለክፍያ መንገድ ውል የንጣፉን ብቻ ሳይሆን የድልድዮችን፣ የዋሻዎችንና የመደገፊያ ግንቦችን ሁኔታ በቁጥር የሚለካ መስፈርት ይኑረው፤ ክፍያውም ከዚያ ጋር ይታሰር። ሁለተኛ፣ መርማሪው ከሚመረመረው ድርጅት ደመወዝ የማይበላ ይሁን። ሦስተኛ፣ ውሉ ከነአባሪው ለከፋዩ ሕዝብ ይገለጥ። አራተኛ፣ አንድ መሐንዲስ በጽሑፍ ያቀረበው ማስጠንቀቂያ በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲያገኝ ሥርዓት ይበጅለት። መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ይህን ያለው ሰው ይፈርምበት።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ፈጣን መንገዶቻችን ገና ወጣቶች ናቸው፤ ኮንክሪታቸው አልተሰነጠቀም፤ ውሎቻቸውም ገና የሚጻፉ ናቸው። የፖልቼቬራ ድልድይ ማስጠንቀቂያ ሲጻፍለት የ12 ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድም ከዚሁ ዕድሜ እየደረሰ ነው። መንገደኛው በበሩ ላይ ቆሞ ገንዘቡን ሲከፍል ኬላ አልፎ መሄዱ ብቻ ነው ወይስ በታችው ያለውን ብረት የሚጠብቅለት ሰው ቀጥሯል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው የዛሬው ሥራችን ነው።